በሰዓት 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም፦ «እስከ 40 ተቃጠል» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በምንኖር ሐበሾች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ያላነበበው ካለ መልእክቱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እስከ 40 ዓመትህ ሁለትም ሦስትም ሥራ ያዝ፤ እንቅልፍህን ቀንስ፤ በዓል፣ ሰንበት፣ ሰርግ፣ ልቅሶ አትበል፤ ጤናህንና ጊዜህን ወደ ዶላር ቀይራቸው፤ ከ40 በኋላ በዶላሩ መልሰህ ትገዛቸዋለህ። ጸሐፊው ከባዶ ተነሥተው ቤት የገዙ፣ ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ ሰው መሆናቸውን ነግረውናል። በቅንነት እንደጻፉትም አልጠራጠርም።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ፣ ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት ከመንፈቅ የሆናት የ24 ዓመት ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ጽሑፉን ከስልኳ አነበበችልኝና «እትዬ፣ ሦስተኛ ሥራ ልጀምር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት» አለችኝ። ዓይኖቿ ደም መስለዋል። ምላሹ ለጸሐፊው ቢሆንም ስጽፈው እርሷ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ያህል እየተሰማኝ ነው።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ነኝ። ነርስ ከመሆኔ በፊት ለብዙ ዓመታት ረዳት ነበርኩ፤ እዚህ ሁላችንም «ሲኤንኤ» የምንለው ሥራ ማለት ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ፣ የደም ግፊት መለካት። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 ጸሐፊው የሚመክሩትን ሕይወት ኖሬዋለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አንድ ቦታ፤ ረቡዕ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሌላ ቦታ። በሳምንት 64 ሰዓት። ስለዚህ የምመልሰው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

ጸሐፊው የሚነሡት «ብዙ ሰዓት የሠራ ብዙ ያገኛል፤ ሒሳቡ ይኸው ነው» ከሚለው ነው። ሒሳብ ካሉ ሒሳቡን እንሥራው። የ2019 የደመወዝ ወረቀቶቼ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አሉ።

በሁለተኛው ሥራዬ የሚከፈለኝ በሰዓት 16 ዶላር ነበር። ሃያ አራት ሰዓት ሲባዛ 384 ዶላር በሳምንት። ከዚህ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለመንግሥት ጡረታና ለአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ 7.65 በመቶ ይሄዳል። በእኛ ገቢ የፌደራል ግብሩ 12 በመቶ ነው፤ የስቴቱና የካውንቲው ተደምሮ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። በጠቅላላው 106 ዶላር ያህል ተነሥቶ 278 ይቀራል። ረቡዕ ማታ ባለቤቴም ሥራ ላይ ስለሆነ ልጆቹን የምትጠብቅ ሴት ነበረችን፤ ስምንት ሰዓት በ12 ዶላር፣ 96። ቀረ 182። ለቤንዚን 25። ምግብ ለመቋጠር ጊዜ ስለሌለኝ ከውጭ የምገዛው 35። የቀረው 122 ዶላር ነው። ይህን ለ24 አታካፍሉት፤ ለዚያ ሥራ ብዬ መንገድ ላይ የማጠፋው አምስት ሰዓትም አለ። ለ29 ሲካፈል በሰዓት 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም።

የፌደራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። አንድ አሠሪ «በሰዓት 4 ዶላር ከ20 ልክፈልሽ» ቢለኝ ኖሮ ስቄበት እሄድ ነበር። እኔ ግን ለራሴ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ስከፍል ኖሬያለሁ። ወረቀቱ ላይ የማየው 384ን ስለነበረ አልታወቀኝም።

122 ዶላር ምንም አይደለም እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከዚያ ላይ ለእናቴ በየወሩ የምልከው 200 ዶላር ይወጣ ነበር፤ በእርሱ ቤቷ ቆርቆሮ ለብሷል፣ መድኃኒቷ ተገዝቷል። በዚያ አልጸጸትም። የምጸጸተው ያንኑ 122 ዶላር የማገኝበት ሌላ መንገድ ፊቴ ተዘርግቶ ሳለ ለማየት እንኳ ጊዜ በማጣቴ ነው። በአቅራቢያችን ያለ ኮሌጅ ረዳቶችን «ኤልፒኤን» ወደሚባለው የነርስ ደረጃ የሚያሳድግ ትምህርት ይሰጣል። ማስታወቂያው የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ከማይክሮዌቭ በላይ ለዓመታት ተለጥፎ ኖሯል። ምግቤን እያሞቅሁ በየቀኑ አነብበዋለሁ፤ «ጊዜ ሳገኝ» እያልኩ አልፈዋለሁ። ጊዜዬን የበላው ሁለተኛው ሥራ መሆኑ አልታየኝም።

ሁለተኛውን ሥራ ለቅቄ ተማርኩ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቷል፤ ቀላል አልነበረም፤ ሥጋ በበዓል ብቻ ቤታችን የገባበት ጊዜ ነው። ስጨርስ ረዳት የሆኑት ጓደኞቼ በሰዓት 18 ዶላር ሲያገኙ እኔ በ28 ተቀጠርኩ። አሥር ዶላር በ40 ሰዓት 400 ይሆናል። በ24 ተጨማሪ ሰዓት አገኝ ከነበረው 384 ይበልጣል፤ አንድም ተጨማሪ ሰዓት አልሠራሁበትም። ጸሐፊው «ሒሳቡ ይኸው ነው» ሲሉ ይህን መሥመር አላስገቡትም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሮጥ ሰው የሰዓቱን ዋጋ የሚያሳድግበት ሰዓት አይተርፈውም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ሁለት ቦታ 28፣ 28 ሰዓት እንሠራለን፤ ድምሩ 56። ሕጉ ግን የሚቆጥረው እያንዳንዱን አሠሪ ለየብቻ ነው። አንድ ተኩል እጥፍ የሚከፈልበት ትርፍ ሰዓት የሚጀምረው በአንድ አሠሪ ዘንድ 40 ሲያልፍ ነው። የጤና ኢንሹራንስ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ትልቅ ድርጅትም ግዴታው የሚነሣው በሳምንት 30 ሰዓት ለሚሠራ ሠራተኛ ነው። 28 ሲደመር 28 የሚሠራ ሰው እንግዲህ 56 ሰዓት ለፍቶ የአንድም ሰዓት ኦቨርታይም ሳያገኝ፣ ከሁለቱ አሠሪዎች አንዱም ኢንሹራንስ የመስጠት ግዴታ ሳይኖርበት ይኖራል። ይህን እያወቁ «ሌላ ሥራ ጨምር» ማለት ምክር አይመስለኝም። መጀመሪያ አንዱን ቦታ 30 ወይም 40 እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ 40 የሚሰጥ ቦታ ፈልጉ።

ሁለተኛው ነጥባቸው እንቅልፍ ነው። «ሁሉም ሰው እኩል 24 ሰዓት አለው፤ አራት ሰዓት የተኛ ሰው አይሞትም» ይላሉ።

እኩል 24 ሰዓት የሚባለውን ቶሎ ልለፈው። መኪና ያለው ሰውና ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ሥራ የሚደርስ ሰው 24 ሰዓታቸው እኩል አይደለም። የሚጠባ ልጅ ያላትና የሌላትም እንደዚሁ። ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችንማ ሰዓቱ ራሱ በእጃቸው አይደለም፤ የእነርሱ ድካም የፈቃደኝነት ጉዳይ ተደርጎ መቆጠሩ ያሳዝናል።

የአራት ሰዓቱ እንቅልፍ ግን ሊታለፍ አይገባም፤ ሰው ይገድላል። በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ሰዎችን እንቅልፍ ነሥተው የእጅና የዓይን ቅንጅታቸውን ለኩ። ለ17 ሰዓት ያህል ያልተኛ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ያለበትን ሰው ያህል ደንዝዞ ተገኘ። 24 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ወደ 0.10 የተጠጋ ያህል ሆነ። እዚህ አገር በ0.08 ፖሊስ መንጃ ፈቃድ ይቀማል፣ ያስራል።

ረቡዕ ረቡዕ የምነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ45 ነው። ሁለተኛውን ሥራ ጨርሼ መኪና ውስጥ የምገባው ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ለአራት ዓመት፣ የሰከረ ሰው ሆኜ ጆርጂያ አቬኑን ስነዳ ኖሬያለሁ። አንድ ሌሊት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ አሸለበኝ። የቀሰቀሰኝ ከኋላዬ የነበረ የጭነት መኪና ጥሩንባ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል። እግሬ ከፍሬኑ ለቆ መኪናዬ በዝግታ ወደ መስቀለኛው መንገድ እየገባች ነበር። ዝናብ ይዘንባል፤ በግራ በኩል የምትመጣ አንዲት መኪና መብራቷ መስታወቴ ላይ ተረጭቷል። ዞራ አለፈች። መንገድ ዳር አቁሜ እጄ መሪውን ሳይለቅ ለብዙ ደቂቃ ቆየሁ። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኩት ከዓመት በኋላ ነው። በታክሲና በኡበር የሚያድሩ ወንድሞቻችን ደግሞ ይህን የሚያደርጉት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ወንበር ላይም ሰው አለ።

ለምርት እንኳ አይጠቅምም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ የጥይትና የመድፍ አረር ፋብሪካዎች የሠሩ ሠራተኞችን መዝገብ አንድ የኢኮኖሚ ምሁር መርምሮ ውጤቱን በ2014 አሳትሟል። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በሳምንት 70 ሰዓት የሠራ 56 ሰዓት ከሠራው ብዙም የበለጠ አላመረተም። አሥራ አራቱ ሰዓት ባክኗል ማለት ነው። የእኛን ሥራ ለሚያውቅ ይህ አይደንቅም። እሑድ ማታ በአሥራ ስድስተኛው ሰዓቷ ላይ ያለች ረዳት አንዲት አሮጊት ስታገላብጥ የምትይዝበት እጅና ጠዋት የምትይዝበት እጅ አንድ አይደለም። ታማሚዎቹም ያውቁታል።

«ጤና የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ይቅደም» የሚለው ሦስተኛው ነጥባቸው ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳምናል። ገንዘብ ያጣ ሰው ምን እንደሚደርስበት አገር ቤት አይተናል፤ መድኃኒት አጥቶ የሞተ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ገንዘብ አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። ጥያቄው አንድ ጊዜ የተበላሸን አካል ገንዘብ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል ወይ ነው።

በእኔ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በ2019 የካቲት ውስጥ ነው፤ 38 ዓመቴ ነበር። ረቡዕ ማታ የሁለተኛው ሥራዬ ፈረቃ ላይ ነኝ። ራሴን ከኋላ በኩል ያመኝ ነበር፤ ወራት ሆኖታል፤ እንቅልፍ ማጣት ነው እያልኩ ታይለኖል በሚባል ማስታገሻ እገፋዋለሁ። የሃያ ሁለት ሰው ግፊት ለክቼ፣ መዝግቤ፣ መለኪያውን እየጠቀለልኩ ሳለ አንዲት አብራኝ የምትሠራ የናዝሬት ሴት፣ በዕድሜ ታላቄ ናት፣ ፊቴን አየችና «አንቺ፣ እስቲ ክንድሽን አምጪ» አለችኝ። «ተዪኝ እትዬ፣ ገና ሦስት ሰው ይቀረኛል» አልኩ። እጅጌዬን ራሷ ሰበሰበችው። መለኪያው ነፋ፣ ተነፈሰ፣ ቁጥሩ ወጣ፦ 178 በ104። ተሳስቷል ብዬ በሌላው ክንዴ አስለካሁት። 176 በ102። ለስምንት ዓመት በየቀኑ የሰው ግፊት ስለካ የራሴን አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም ነበር። 140 በ90 ሲደርስ ነርሷን እንድንጠራ የተማርን ሰዎች ነን።

የደም ግፊት ይህ ነው። አያስጮህም፣ አያስተኛም። ውስጥ ውስጡን የልብን፣ የአንጎልንና የኩላሊትን ደም ሥር ሲበላ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በግንቦት 2021 በጋራ ያወጡት ጥናት እንደሚለው በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድሉ 17 በመቶ ይጨምራል። በ2016 ብቻ 745 ሺህ ሰው በዚህ ምክንያት ሞቷል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ደግሞ ከ45 እስከ 74 ባለው ዕድሜያቸው እንደዚያ ሠርተው ከ60 እስከ 79 ባለው ጊዜ የሞቱ ናቸው። ዕዳው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጸሐፊው «እኔ ይኸው ሠርቼ ምንም አልሆንኩም» ያሉት ለዚህ ማስረጃ አይሆንም፤ የነገሩን ዕድሜ ገና 44 ነው። ከልቤ ጤና እንዲሆኑ እመኛለሁ፤ ግፊታቸውን ግን ይለኩ።

ኩላሊትን ልጨምር፤ በዚህ በኩል የማየው ብዙ ነው። እዚህ አገር ለኩላሊት መድከም ዋነኞቹ ምክንያቶች ስኳርና የደም ግፊት ናቸው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዲያሊሲስ ይገባል፤ ደሙ በማሽን ይታጠባል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል። ገንዘቡን በሚመለከት ይህ አገር ደግ ነው፤ በቂ ዓመት ሠርቶ ግብር የከፈለ ሰው ዕድሜው 65 ሳይሞላም ሜዲኬር ይሸፍንለታል። ጊዜውን ግን የሚሸፍንለት የለም። አሥራ ሁለት ሰዓት በሳምንት፣ ከመመላለሻው ውጪ፣ ክንዱን ዘርግቶ ወንበር ላይ። ለእግር ጉዞ፣ ለሐኪም ቀጠሮ፣ ለእንቅልፍ አሥራ ሁለት ሰዓት ከየት ላምጣ ይል የነበረ ሰው እነዚያን ሰዓቶች አሁን በግድ ይከፍላቸዋል። ጊዜን መልሶ መግዛት ይቻላል የሚሉት ጸሐፊ አንድ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የዲያሊሲስ ማእከል በር ላይ ቢቆሙ የአገራቸውን ሰዎች ሲገቡ ያያሉ።

ወደ ልጆች ልምጣ። «ልጅ የሚፈልገው ያንተን ፊት አይደለም፤ የኮሌጅ ክፍያ ነው። ሲያድግ ያመሰግንሃል» ብለዋል።

በእነዚያ ዓመታት ባለቤቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር። እኔ ጠዋት ስወጣ እርሱ ተኝቷል፤ እርሱ ሲገባ እኔ ተኝቻለሁ። ቅዳሜና እሑድ እርሱ ቤት ነው፤ እኔ ሥራ። የምንገናኘው ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 ላይ፣ የሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። ልጅ ለመቀባበል። ሴት ልጃችን መጀመሪያ ላይ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ትደርሳለች። ከነወንበሯ ነቅሎ ወደ እኔ መኪና ያሻግራታል። አንድ ጫማዋ ሁልጊዜ እርሱ መኪና ውስጥ ይቀር ነበር።

«በልታለች?»

«ግማሹን።»

«ትኩሳቱስ?»

«ለቋታል። ለልጁ ወረቀት ፈርሚ፣ ቦርሳው ውስጥ ነው።»

«እሺ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

የአራት ዓመት ትዳራችን ንግግር ይህን ያህል ነው። ሦስት ደቂቃ። ተጣልተን አናውቅም፤ ለመጣላት እንኳ ጊዜ አልነበረንም። አንድ ቀን ልጁን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ልቀበል እየሮጥኩ ስነሣ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ባለቤቴ ያቺን አንድ ጫማ ይዞ ፓርኪንጉ መሐል ቆሟል። ሊጠራኝ እጁን አንሥቶ ተወው። ሄድኩ። ያቺን ጫማ አልጣልኳትም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አለች።

የኮሌጅ ክፍያ ያስፈልጋል። ልጄ ግን ከ5 ዓመቱ እስከ 9 ዓመቱ ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ጊዜ አልፏል። ንባብ የጀመረው በአባቱ ስልክ ነው። አማርኛውን ያጣውም በዚያ ጊዜ ነው፤ አማርኛ የሚያወራው ሰው ቤት አልነበረማ። ሕፃን ሳለ «እማዬ ውኃ ስጪኝ» ይል የነበረ ልጅ ዛሬ ከአያቱ ጋር በስልክ ሲያወራ እኔ መሐል ገብቼ አስተረጉማለሁ። እናቴ ስትዘጋ «ይህ ልጅ ምነው አያዋራኝ» ትላለች። ይህን በ50 ዓመቴ በየትኛው ገንዘብ እንደምገዛው ጸሐፊው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። እሑድ እሑድ የአማርኛ ትምህርት የሚሰጡ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ አስገብቼዋለሁ። እያለቀሰ ነው የሚሄደው፤ በአሥራ ምናምን ዓመቱ ሀ ሁ መጀመር ያሳፍረዋል።

«አባቶቻችን ዕረፍት የሚባል አያውቁም ነበር፤ ዕረፍት ከፈረንጅ የተማርነው ነው» የሚለውን ሳነብ ግን በጣም ነው የገረመኝ። ጸሐፊው የገጠር ልጅ መሆናቸውን ጽፈዋል። እኔም ነኝ። አባቴ ጎጃም፣ ደጀን አካባቢ ጤፍ አራሽ ነበር፤ እንደ እርሱ የለፋ ሰው አላየሁም። ለጤፍ መሬቱ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ሐምሌ ላይ በጭቃ ውስጥ ዘር ይዘራል፤ አረም አለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ። ነገር ግን ሰንበት በሬ አይጠመድም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ አይታረስም። ሌሎችም የደብሩ በዓላት አሉ። ቢያርስ ጎረቤት ይታዘበዋል፣ ካህኑ ይገሥጹታል። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድም የጁምዓ ቀን ከሥራው ተነሥቶ መስጊድ የማይሄድ አልነበረም። ሥራው ሲበዛ ደቦ ይጠራል፤ የአንድ ሰው የሳምንት ድካም በሃያ ሰው በአንድ ቀን ያልቃል፣ ጠላ ይጠጣል። ሲመሽ ደግሞ ይመሻል። መብራት የለም፤ ኩራዝ ይጠፋል፣ ይተኛል። አባቴ በሕይወቱ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይተኛ አድሮ የሠራ አይመስለኝም፤ ልቅሶ ወይም የታመመ ሰው ካልሆነ።

እውነት ለመናገር ይህ ዕረፍት ለእናቴ እኩል አልደረሳትም። በሚካኤል ቀንም ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ያንን ማስተካከል የእኛ ፈንታ ነበር፤ እኛ ግን ለሁሉም አጠፋነው። እሑድ ቡና ተፈልቶ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ መቀመጥን ከፈረንጅ አልተማርንም። እዚህ አገር ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ የለም። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓትም በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ ተወስኗል። አሠራሩ ሁሉ ቦታ ላይ እንደተጻፈው ነው አልልም። ቢሆንም ዕረፍት መብት መሆኑን የጻፍነው በራሳችን ቋንቋ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው «ከ40 በኋላ ትኖራለህ» ነው። እኔ 40 የሞላኝ በ2021 ነው። የቤት ብድሬ የ30 ዓመት ነው፤ በ40 ዓመቴ ገና አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከ1960 ወዲህ የተወለደ ሰው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው፤ ስሌቱም የሚሠራው ብዙ ባገኘባቸው 35 ዓመታት ላይ ነው። በ30 ዓመቱ የመጣ ሰው 35 ዓመት ሲሠራ 65 ይሞላዋል። ይህ አገር ረጅም መንገድ ነው፤ አሥር ዓመት ሮጦ የሚወድቅ ሰው አይጠቅመውም። የማውቃቸው እስከ 40 ብለው የጀመሩ ሰዎች 40 ሲሞላቸው እስከ 45 ብለዋል። አፓርታማው ታውን ሃውስ ሆነ፣ ታውን ሃውሱ ጀርመንታውን ውስጥ ትልቅ ቤት ሆነ፤ አዲስ አበባም አንድ ኮንዶሚኒየም ተጨመረ። ሳሎኑ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ግን የለም።

ለዚያች ልጅ ሦስተኛ ሥራ አትጀምሪ አልኳት። ወደዚህ ለመምጣት የተበደረችው የመንገድ ዕዳ አለባት፤ ዕዳው እስኪያልቅ ሁለቱን ትያዝ፤ ማለቂያውን ግን ወር ቆርጣ ትጻፈው። ሌላም ነገር ነገርኳት። በሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ 15 ሰውና ከዚያ በላይ ያለው ድርጅት ለየ30 ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ በዓመት እስከ 40 ሰዓት፤ በሳምንት 12 ሰዓት ለሚሠራም ይደርሳል። እርሷ ይህን አልሰማችም ነበር። ደመወዝ ወረቀቷ ላይ አብረን ስናይ 31 ሰዓት ተጠራቅሞ ተቀምጧል። የጥርስ ሕመም ይዟት ሁለት ወር ቆይታለች።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሥራ የያዙበትን ጊዜ የደመወዝ ወረቀት ያውጡ። ግብሩን ይቀንሱ፤ የልጅ ጠባቂውን፣ ቤንዚኑን፣ ከውጭ የበሉትን ይቀንሱ። በመንገድ ላይ ያጠፉትንም ሰዓት ጨምረው ያካፍሉ። ከዚያም በሰዓት ስንት እንደደረሳቸው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይንገሩን። ከእኔ የተሻለ ከሆነ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ እፈልጋለሁ፤ ያቺም ልጅ ትፈልጋለች።